ለናሆም ያልነገርኩት ውጤት

ሥራ የጀመርኩት ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ቶራንስ ውስጥ በሚገኝ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ነው። በመጀመሪያው ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ፎጣ ሳጥፍና አልጋ ስወለውል ቆየሁ። ከምሳ በኋላ አለቃዬ ማርጋሬት ጠራችኝና የአንድ የነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኛ ጉልበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ እንድለካ አዘዘችኝ። መለኪያው ሁለት የፕላስቲክ ክንዶች ያሉት ማስመሪያ ነው፤ አንዱ በጭን፣ ሌላው በቅልጥም በኩል ይያዛል። ለካሁ። ሰውዬው ደስ እንዲለው ብዬ ቁጥሩን ትንሽ ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ማርጋሬት እራሷ ደግማ ለካች። ሰውዬው ከወጣ በኋላ «ነገ ፎጣ ብቻ ነው የምታጥፊው» አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ አጠፍኩ።

ከረዳትነት ተነስቼ ፈቃድ ያላት ቴራፒስት እስክሆን ዐሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። የሳንታ ሞኒካ ሆቴል አልጋ አንጣፊዎችን ትከሻ፣ የታክሲ ነጂዎችን ወገብ አክሜአለሁ። በ2010ዎቹ አጋማሽ ሃውቶርን ውስጥ ባለ ክሊኒክ የስፖርተኞች ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። የምነግራችሁ ያኔ የሆነውን ነው። የባለታሪኩን ስም ቀይሬአለሁ፤ ፈቃዱንም ጠይቄአለሁ።

ናሆም የወይንሸት ልጅ ነው። ወይንሸት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት፤ ከእኔ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምናመልከው። ልጁ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሆኖ በደቡብ አውሮፓ ለአንድ የወደብ ከተማ ክለብ ይጫወት ነበር። ኳሱን ይዞ የሚያደራጀው፣ ጨዋታውን የሚመራው እሱ ነው። ክለቡ ዋንጫ ካነሳ አንድ ትውልድ አልፎታል፤ በዚያ ዓመት ግን ተስፋ ነበረው። የውድድር ዘመኑ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ናሆም ከዝላይ ሲያርፍ የግራ ጉልበቱ የፊት ጅማት ተበጠሰ።

ቀዶ ጥገናው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተደረገለት፤ ከዚያ ወደ እኔ ተላከ። መጀመሪያ የሠራነው ጉልበቱን መዘርጋት ነው። ቀጥሎ ማጠፍ፣ ቀጥሎ ደረጃ መውጣት፣ ቀጥሎ በላስቲክ መጎተት። በሳምንት አራት ቀን ይመጣል። አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም።

«እትዬ ጸዳለ፣ ዛሬ ጃምፕ እናደርጋለን?» ይለኛል ገና ከበር።

«ዛሬ በአንድ እግር ቁጭ ብድግ ነው።»

«ኦኬ። ነገስ?»

«ነገም እሱው ነው።»

ይስቃል። ሥራውን ግን ሳያጓድል ይሠራል።

ሰባተኛው ወር ላይ ክለቡ ለግማሽ ፍጻሜ አለፈ። የክለቡ የስፖርት ኃላፊ ስልክ ደወለልኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው ቀስ ያለ። ለቀሩት ጨዋታዎች አንድ ተጨማሪ ተጫዋች ብቻ ማስመዝገብ እንደሚችሉ፣ ወይ ናሆምን ወይ ሌላ ልጅ እንደሚያስገቡ ነገረኝ። «ከተማው በሙሉ እሱን ነው የሚጠብቀው፤ አርብ መልስ እፈልጋለሁ» አለኝ። መልሱን የሚሰጠው ሐኪሙ እንደሆነ፣ ሐኪሙም የሚያየው የእኔን ፈተና እንደሆነ አስረዳሁት።

የናሆም ወኪል ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ከአሜሪካ ትልቁ ሊግ የመጡ መልማዮች የፍጻሜውን ጨዋታ ያያሉ፤ ናሆም እዚያ ሜዳ ላይ ከታየ በበጋ ለሙከራ ይጠሩታል። ዕድሜው ሃያ ስድስት ነበር። በዚያ ሙያ ሃያ ስድስት ልጅነት አይደለም።

ረቡዕ ዕለት ወይንሸት ሱቅ ጎራ አልኩ። «ጸዲ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ይሄዳል ወይስ አይሄድም?» አለችኝ።

«እሱ ፈቅዶ ሳይፈርም ላንቺም ቢሆን መናገር አልችልም፤ ሕጉ ነው።»

«ይገባኛል» አለች። ሽሮውን መዘነችልኝና ሌላ ነገር አወራን።

ሐሙስ ጠዋት ፈተንኩት። በቅድሚያ የጭኑን ኃይል በመለኪያ ለካሁ። ቀጥሎ በአንድ እግር ወደ ፊት ዘለለ፤ በየእግሩ ሦስት ሦስት ጊዜ። በደህናው እግሩ ያረፈበትንና በታመመው ያረፈበትን በሜትር ስለካው ልዩነቱ ሁለት ስንዝር ይሆናል። ርቀቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ጅማቱ የተበጠሰው እንደዚያ ሲያርፍ ነው።

ላቡን ጠረገና አየኝ። «ሶ? እንዴት ነው?»

ውጤቱን አውቄዋለሁ። ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ፊቱን ሳየው ግን «ሪፖርቱን ጽፌ ለዶክተሩ እልካለሁ፤ እሱ ይነግርሃል» አልኩት።

ፈገግ አለ። መጥፎ ቢሆን ትነግረኝ ነበር ብሎ እንዳሰበ የገባኝ በኋላ ነው። በረዶ አሰርኩለትና ሸኘሁት። ሪፖርቱን እንዳለ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩ። «ለጨዋታ አልደረሰም» ብዬ ፈረምኩ። ሐኪሙ በዚያው ዕለት አጸደቀውና፣ ናሆም አስቀድሞ በፈረመው ፈቃድ መሠረት ለክለቡ ተላከ።

አርብ ከቀትር በፊት ናሆም እናቱ ሱቅ ውስጥ ነበር። ደንበኞች ከበውት «እንኳን ደስ ያለህ፣ ዋንጫውን ይዘህ ና» እያሉ ይመርቁታል፤ እሱም አሜን ይላል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ላይ ስለነበር ገና አልደወለለትም። በዚያ መሃል የክለቡ ኃላፊ ደወለ። በሪፖርቱ ማዘኑን፣ ሌላውን ልጅ እንዳስመዘገቡ ነገረው። ናሆም ስልኩን ዘግቶ በጓሮ በር ወጣ። አንዲት ሴትዮ ሳይገባቸው ምርቃታቸውን ቀጥለው ነበር።

እሑድ ወይንሸት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጠበቀችኝ። «ለእኔ አለመንገርሽን ተቀብያለሁ። ለእሱ ግን ለምን አልነገርሽውም? እግሩ የእሱ አይደለም?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ሰላምታችን ከአንገት በላይ ሆነ።

ናሆም ሌላ ቴራፒስት ይፈልጋል ብዬ ነበር። ማክሰኞ በሰዓቱ መጣ። ወንበር ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩና «በድዬሃለሁ፤ ሐሙስ ዕለት እኔው ልነግርህ ይገባ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። ላስቲኩን ከማንጠልጠያው ላይ አነሳ። «ምን እንሥራ?» አለ።

የፍጻሜው ጨዋታ በእነሱ ማታ፣ በእኛ ረፋድ ላይ ነበር። ቀጠሮውን ላዛውርልህ ስለው እንቢ አለ። ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ እግሩን በክብደት እያነሳ ያያል። በእሱ ቦታ የገባው ልጅ ግሩም ተጫወተ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ያ ልጅ ሁለት ኳስ አከታትሎ አገባና ክለቡ አሸነፈ። ሜዳው በሰው ተጥለቀለቀ። አንድ የቡድን ጓደኛው የናሆምን ማሊያ ወደ ካሜራው ከፍ አድርጎ ያዘ።

ናሆም እግሩን አላወረደም። እንባው በጉንጩ ይወርዳል። «ስንት ቀረኝ?» አለኝ።

«አምስት።»

አምስቱን ጨረሰ።

በመስከረም ሙሉ ፈቃድ አገኘ። ክለቡ ግን ውሉን አላደሰለትም፤ ለበጋው ሙከራም የተጠራው ያኛው ልጅ ነው። ናሆም ወደ ሰሜን አውሮፓ ሄዶ በሁለተኛ ዲቪዚዮን አምስት ዓመት ተጫወተ። ዋንጫ አላነሳም። ጉልበቱም ዳግመኛ አልታመመም። ያኔ ቢሄድ ኖሮ ይበጠስ እንደነበር እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም፤ ማንም አይችልም።

መጫወት ካቆመ በኋላ ክሊኒክ ድረስ መጥቶ ጠየቀኝ። «በእግሬ ነገር ትክክል ነበርሽ» አለኝ። «ሱቅ ውስጥ አሜን ማለቴን ግን እስካሁን አልረሳሁትም፣ እትዬ።»

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፈተና ሲያልቅ ውጤቱን በቅድሚያ ለታካሚው እነግራለሁ፤ ተቀምጬ፣ ዓይኑን እያየሁ። ሪፖርቱን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆችም ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቡ።