ቅጠሉን ማን ይይዛል?

ስለ ግድብ የሚጽፉ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ ግድግዳው ሥር ቆመው የሰው ልጅን ታላቅነት ያያሉ። እኔም እዚያው ሥር ቆሜያለሁ። ያየሁት ግን ቅጠል ነው።

ያን ጊዜ ሶዶ ውስጥ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ፤ የቆቃ ግድብም ገና አዲስ ነበር። ወደ ሁምቦ ተበላ በሚወስደው መንገድ ላይ የውሃ ወፍጮ የነበራቸውን የአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ ለማግባት ሁለት ጊዜ አማላጅ ልኬ፣ ሁለት ጊዜ «እናስብበት» ተብያለሁ። ልጅቷ ፈቃደኛ ናት፤ የቀረው የአባትየው ቃል ነው። ሦስተኛ ጊዜ ልኮ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ደግሞ ሌላ ሰፈር ቢፈልግ ይሻለዋል።

ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናንና እኛ መምህራን አውቶቡስ ተከራይተን ግድቡን ልንጎበኝ ስንነሳ ተጋፍቼ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጥኩ። እሳቸው ከቤት ያመጡትን የተቀቀለ ስኳር ድንች ሲያኝኩ፣ እኔ እስከ ሻሸመኔ ድረስ ውሃ እንዴት መብራት እንደሚሆን በወላይትኛ አስተማርኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በውሃ እህል ሲፈጩ ለኖሩ ሰው፣ ውሃ ጉልበት እንዳለው አስረዳሁ። አላቋረጡኝም። ይህንንም እንደ አድናቆት ቆጠርኩት።

ግድቡ ዘንድ የተቀበለን አስጎብኚ የብረት ቆብ የደፋ ወጣት ቴክኒሺያን ነበር። የሚያስረዳው በአማርኛ በመሆኑ፣ ማንም ሳይሾመኝ አስተርጓሚ ሆንኩ። የማሽኑ አዳራሽ ስንገባ መሬቱ ከእግራችን ሥር ይርገበገባል። ሴቶቹ እልል አሉ። ዘማሪዎቻችን መዝሙር አነሱ፤ ተርባይኑ ግን በለጣቸው።

«ጥያቄ ያለው?» ብሎ ጮኸ አስጎብኚው።

ሽማግሌው በወላይትኛ፣ «ወንዙ ቅጠልና ጭራሮ ሲያመጣ ማን ይይዘዋል? በለው» አሉኝ።

አፈርኩ። የአገር ኩራት ፊት ቆሞ ስለ ቅጠል! «ስንት ቤት እንደሚያበራ ማወቅ ይፈልጋሉ» ብዬ ተረጎምኩ።

ወጣቱ ደስ ብሎት ከተሞቹን ይዘረዝር ጀመር። ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ሳይሉ፣ ገበያ ባስተማራቸው አማርኛ፣

«ልጄ፣ እኔ ቤት አልጠየቅኩም። ቅጠሉ ስትመጣ ማን ይይዛታል? በኔ ወፍጮ እየገባች ሥራ ታስፈታለች» አሉት።

አስጎብኚው የከተሞቹን ዝርዝር አቋረጠ። ከዚያ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ።

«አባቴ፣ እዚህ የመጣ ሁሉ ስንት ቤት ነው የሚለኝ! እኔ ስቀጠር የመጀመሪያ ሥራዬ ይሄው ቅጠል ነበር!»

እጃቸውን ይዞ ወደ ላይ ወሰዳቸው፤ እኛም እንደ በግ ተከተልን። ውሃው ወደ ቧንቧው ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበትን የብረት ፍርግርግ፣ ረጅም እጀታ ያለውንም መጥረጊያ አሳያቸው። አንዱ በክንዱ ሲለካ፣ ሌላው በከዘራው መሬት ላይ ሲስል፣ አስተርጓሚ የፈለገ አልነበረም።

ስንመለስ ዝዋይ ላይ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ፣

«መምህር፣ የኔ ቃል አሳፈረህና ለወጥከው። የልጄንስ ቃል ምን ልታደርገው ነው?» አሉ።

ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ እያልኩ የምኩራራ ሰው ነበርኩ፤ አሁን ግን አንገቴን ደፋሁ።

«አጠፋሁ፣ አባባ» አልኩ።

ስኳር ድንቻቸውን ለሁለት ገምሰው ግማሹን ሰጡኝ። ይቅርታ ይሁን ስንብት አላወቅኩም። ብቻ በላሁት።

ሦስተኛ ጊዜ የላክኳቸው አማላጆች ሲመለሱ ከሩቅ ይስቃሉ።

«እሺ ብለዋል! ግን ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የወፍጮውን ቦይ እንድትጠርግ ነው። ቅጠሉን ማን እንደሚይዝ ይወቅ ብለዋል።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ቀዝቃዛው ቦይ ውስጥ ቆሜ የባሕር ዛፍ ቅጠል ስለቅም፣ ልጅቷ የሚፈጭ በቆሎ ይዛ መጣች። ዳር ላይ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ወፍጮ ቤቱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣

«መምህር፣ እስካሁን ስንት ቤት አበሩ?» አለችኝ።

የአባቷ ሳቅ ከወፍጮው ድንጋይ በላይ ተሰማ።