ለበቅሎው ሲባል የወረደው ቀፎ

ከጎሬ ተድሬ ከመቱ ወዲያ ወዳለችው መንደር ስገባ፣ የከተማ ልጅ ነኝና ጫካው ሁሉ አንድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። እዚያ አገር የዛፍ ባለቤት የሚታወቀው በቀፎው ነው፤ ቀፎህን የሰቀልክበት ዛፍ ያንተ ነው፣ ከሥሩ ያለውም ቡና ያንተ ነው። አጥር የለ፣ የድንበር ድንጋይ የለ፤ ቀና ብሎ ማየት ብቻ። በዚህ የተጣላ ሰው አላየሁም።

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ከአያታቸው የወረሱት ጫካ ነበራቸው። ቤቱ ሁሉ የሚኖረው በእሱ ነበር።

መንግሥት መሬት ሊያስለካ ነው ተባለ። ቀላድ ጣዩ፣ መሬት ለኪው፣ በበቅሎ እንደሚመጣ ሲሰሙ አማቴ ተጨነቁ። ንብ የበቅሎ ላብ አይወድም፤ እንግዳ በአገራችን ተነድፎ ቢወድቅ ምን እንባላለን አሉ። ጎረቤቶቹም ልክ ነው አሏቸው። በዋዜማው ወንዶቹ በገመድ እየወጡ ቀፎውን ሁሉ አወረዱና ከወንዙ ማዶ አሻገሩት። እኛ ሴቶቹ ድግስ ላይ ዋልን። ምን ዓይነት ደግ ቤት ገባሁ ብዬ ኮርቼ ነበር።

ቀላድ ጣዩ በልቶ ጠጥቶ ከጫካው ዳር ቆመ።

«ይህስ የማን ነው?»

«የእኛ ነው ጌታዬ» አሉ አማቴ። «ቀፎ የምንሰቅልበት ነው።»

ሰውየው ቅርንጫፉን ቀና ብሎ አየ። «ታዲያ ቀፎው የታለ?»

«እርስዎን እንዳይነድፍ ብለን አወረድነው።»

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። ከዚያ ወደ ረዳቱ ዞሮ «ጠፍ መሬት ነው፣ ባለቤት የለውም» አለና የመለኪያ ገመዱን አስጣለ። መሶቡ ገና በእጄ ነበር። የበላው እንጀራ እንኳ ገና ከጉሮሮው አልወረደም! ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቀፎዎቹን መልሰን ሰቀልን። ምን ዋጋ አለው፤ ጫካው ለአንድ ሹም ተሰጠ፣ እኛም በገዛ ቡናችን ጭሰኛ ሆንን። አቤት ባልንበት ደጅ ሁሉ መልሱ «ሲለካ ቀፎ አልነበረበትም» ነው።

ቡናው ሲቀላ ሹሙ ርስቱን ሊያይ በማግስቱ እንደሚመጣ መልእክት ደረሰን። ወደ ማታ ላይ አማቴ ገመድ ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ጫካው ሲሄዱ አየሁ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ምራት በአማቷ ፊት ድምፅ አታሰማም፤ እኔም እስከዚያች ቀን ከ«እሺ» በቀር ቃል አውጥቼ አላውቅም። ተከትያቸው ሮጥኩ።

«አባባ፣ ደግሞ ሊያወርዱ ነው?»

«በበቅሎ ነው የሚመጣው አሉ» አሉኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «እንግዳ አይደል፣ ልጄ?»

«አሁንማ እንግዶቹ እኛ ነን፣ አባባ።»

ቆሙ። ከዚያ ገመዱን ከትከሻቸው አውርደው ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። ንቦቹ ወደ ቀፏቸው ሲገቡ እያየን እስኪጨልም እዚያው ቆየን።