መርማሪ ወላሂ አይልም

ባለፈው ሳምንት ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለ ፀጉር ቤት ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ቴሌቪዥኑ አንድ የድሮ የወንጀል ፊልም ያሳይ ነበር። ገዳዩ ተይዞ ሲጠየቅ «ወላሂ አልገደልኩም» አለ። ፀጉር አስተካካዩ በቃሉ ያውቀዋል፤ አብሮት አለና ሁሉም ሳቁ። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። ገዳይ ሆኖ የሚታየው ኑርዬ ነው፤ የልደታ አብሮ አደጌ።

ፊልሙ የተሠራው የሰፈሩን ወጣት ሁሉ ተዋናይ የመሆን በሽታ በያዘው ዘመን ነው። ክረምት ነበር። ዳይሬክተሩ ጨለማና ዝናብ ይወዳል፤ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው ጭቃ መንገድ ጥቁር ጃንጥላ እያስያዘ ሲያመላልሰን ይውላል። እኔ መብራት እይዛለሁ፤ እጄ ባዶ ሲሆን ስንኝ እሞነጫጭራለሁ። ምሳችን ከጉልት የምንገዛው የበቆሎ ቅቅል ነበር፤ እንፋሎቱ እጅ ያሞቃል።

ኑርዬ የተመረጠው ለመርማሪነት ነበር። ከወሎ መጥተው በርበሬ እየሸጡ ያሳደጉት እናቱ እትዬ ዘይነባ «ልጄ ወንጀለኛ ያዥ ሆነ» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተዋል።

በመጀመሪያው ቀረጻ መርማሪው ልጇ የተገደለባትን እናት ያጽናናል። ጽሑፉ የሚለው «ገዳዩን እንይዘዋለን» ነው። ኑርዬ ግን የሴትየዋን እጅ ያዘና ዝቅ ባለ ድምፅ «ወላሂ፣ እይዝልሻለሁ» አላት። ተዋናይዋ የምሯን አለቀሰች።

ዳይሬክተሩ ራሱን ነቀነቀ። «አሪፍ ነበር። ግን መርማሪ ወላሂ አይልም።»

«ለምን አይልም?»

«አይልማ፣ ጀለሴ። ተመልካቹ ግራ ይገባዋል።»

ኑርዬ ያለዚያ ቃል ደጋግሞ ሞከረ፤ ንግግሩ እንጨት እንጨት አለ። በማግስቱ መርማሪነቱ ለሌላ ልጅ ተሰጠና እሱ ገዳይ ሆነ። እዚያ ላይ ወላሂ ተፈቀደለት፤ እንዲያውም ጨምርበት ተባለ። ጨርሶ ከመቅረት ይሻላል ብሎ ተቀበለ። ለእናቱ ግን ሳይነግራቸው ቀረ።

በፊልሙ ምረቃ ቀን እትዬ ዘይነባ አዲስ ሻሽ አስረው መጡ። ኑርዬ ሰውየውን ሲወጋ ሁላችንም አይተናል፤ ስለዚህ ሲምል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ዘይነባ ከጭቃው ደረቅ ደረቁን እየመረጡ ሲራመዱ ልጃቸውን፣

«በውሸት ነው የማልከው?» አሉት።

«ፊልም እኮ ነው፣ እማ።»

«ሰውየውን መግደልህ ፊልም ነው፤ ገብቶኛል። የአላህ ስምስ? እሱም ፊልም ነው?»

ከዚያ ወዲያ ኑርዬ ሌላ ፊልም አልሠራም።

እትዬ ዘይነባ ካረፉ ቆዩ። ኑርዬ ጌጃ ሰፈር ጫማ ይሸጣል። ያን ዕለት ከፀጉር ቤቱ ወጥቼ ወደ ሱቁ ጎራ አልኩ። አንድ ደንበኛ የጫማው ቆዳ እውነተኛ መሆኑን ተጠራጥሮ «እስቲ ወላሂ በለኝ» ይለዋል፤ ፊልሙን አይቶት ይሁን አይሁን እንጃ። ኑርዬ ጫማውን ገልብጦ ስፌቱን አሳየው እንጂ አልማለም። ሰውየው ትቶት ሄደ።

ቆዳው እውነተኛ ነበር። በየፊልሙ የየትኛው ወገን ሰው ታየ፣ የየትኛው አልታየም የሚል ክርክር ስሰማ እሱን አስባለሁ። ኑርዬማ ታይቷል፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሰው እንዲያምነው የሚናገራት አንዲት ቃል ነበረችው፤ የታየው እሷን ከፍሎ ነው።