ልጄ እስክትታመም ስጠብቅ

ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀትር የስድስት ዓመት ልጄ ከማሳው ዳር መጥታ «እማ፣ ጋቢ አልብሺኝ» ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ጥርሷ ይንገጫገጫል። በዚያ ወር ንዳድ፣ ዛሬ ወባ የሚሉት፣ ከመንደራችን ሦስት ሰው ወስዶ ነበር። አንዱ የእሷ እኩያ ነበር።

ንዳድ አንድ ቀን ያንቀጠቅጥና አንድ ቀን ይለቃል። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ በማግስቱ፣ ለቀቅ ባደረጋት ቀን፣ ወረታ ከተማ ወዳለው መድኃኒት ቤት ይዣት ሄድኩ። በታመመች ቀንማ ማን አዝሎ የርብን ወንዝ ያሻግራታል? አባቷ ራሱ ከንዳድ መነሳቱ ነው። እሷ ግን ፌንጣ እያባረረች ከፊቴ ከፊቴ እየሮጠች ገባች።

መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ፊደሉን ለይቼ እስክገጣጥም ሰልፉ ስለሚያልቅ፣ ከፊቴ ኩታ ተከናንበው የሚንቀጠቀጡ አንድ ቄስ አነበቡልኝ። ትኩሳት ለሌለው አይሰጥም፤ የታመመው ራሱ ይምጣ፤ ክኒኑ ሦስት ቀን እየተመላለሱ እዚሁ ይዋጣል እንጂ ወደ ቤት አይወሰድም ይላል።

ደንቡ ያለ ነገር አልወጣም። ክኒኑ ጥቂት ነው፣ አገሬው ደግሞ ለከርሞ ማስቀመጥ ጀምሯል። አንዱ ጎልማሳ ግንባሩን ፀሐይ ላይ ሲያግል ቆይቶ ገባ። ክኒን አዳዩ ወጣት ብብቱን ዳሰሰና «አንተን የያዘህ ፀሐይ ነው፤ ጥላ ሥር ተቀመጥ፣ ይሻልሃል» አለው።

ተራዬ ደረሰ።

«በሽተኛዋ የቷ ናት?»

«ይቺው ናት፣ ጌታዬ።»

ይቺው ባንኮኒው ላይ ተንጠልጥላ ብልቃጥ ትቆጥራለች።

«እናቴ፣ ይቺማ ከእኔም ትሻላለች።»

«ትናንት ባዩዋት። ነገም ይይዛታል።»

«እውነትዎን ነው፤ ደንቡ ግን የሚያምነው የዛሬን ትኩሳት ነው። እንግዲያው ነገ ይምጡ።»

ቤቴ ብመለስ ንዳዱ ርብ ማዶ ይይዛታል። ስለዚህ እዚያው ወረታ የባለቤቴ ዘመድ ቤት አደርንና ሲነጋ መድኃኒት ቤቱ ደጅ ተቀመጥን። ልጄን ዓይን ዓይኗን አያለሁ።

«አይበርድሽም?»

«አይበርደኝም።»

ጥቂት ቆይቼ «አሁንስ?» እላለሁ።

«እማ፣ ምን ሆነሻል?»

ንዳዱ ቀጠሮውን ቢያሳልፍና የመድኃኒት ቤቱ በር ቢዘጋስ? ወይስ እንደዚያኛው ልጅ ባንድ ጊዜ ቢወስዳትስ? ቄሱ ክኒናቸውን ሊውጡ ሲመጡ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አዩ።

«ምን ትለምኛለሽ?»

«ቶሎ እንዲይዛት፣ አባ።»

«ዕድሜዬን ስጸልይ ኖሬ እንዲህ ያለ ልመና አልሰማሁም» አሉና ከጎኔ ተቀመጡ። «በይ አብረን እንጠብቅ።»

ቀትር ላይ «እማ፣ በረደኝ» አለች። ደስታው ከድንጋጤው ተደባልቆብኝ አፈፍ አድርጌ ገባሁ። ወጣቱ የሙቀት መለኪያውን ብብቷ ውስጥ ከቶ አየና ክኒኑን ሰጠኝ። መራራ ነው፤ ልትተፋው ስትል አፏን በመዳፌ ያዝኩ። ዋጠችው።

በማግስቱም እፊቱ ዋጠች። ሦስተኛው ቀን የንዳዱ መምጫ ነበር። የመጨረሻውን ውጣ ከደጁ ተቀመጥን፤ ቀትር ደረሰ፣ አለፈ። ፀሐይ ዘቀዘቀች። ልጄ አልበረዳትም፤ ራበኝ አለች።

ርብን ተሻግረን ቤታችን ስንገባ አባቷ ከመደቡ ብድግ ብሎ «እንዴት ሆነች?» አለኝ።

«ድናለች» አልኩት።