ሁለት መቋሚያ

ባለፈው ሳምንት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወዳለው ቤቴ ቁም ሣጥን የሚሠራልኝ አናጢ መጣ። ግድግዳውን ሁለቴ ለክቶ ሜትሩን ሊጠቀልል ሲል፣ «እስቲ አንዴ ድገመው» አልኩት።

«ምነው ጋሼ፣ አላመኑኝም እንዴ?»

እሱንስ አምኜዋለሁ። ልኬት ሲነሣ የማላምነው ራሴን ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን በየካ ተራራ ላይ ስላለ፣ ጣሪያው ስለፈረሰ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ልጽፍ ተነሣሁ። ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ የክረምቱ ጭቃ ገና አልደረቀም። ከላምበረት ተነሥቼ በባሕር ዛፉ መሐል እያለከለክሁ ወጣሁና ቦርሳዬን ብከፍት ሜትሩ የለም፤ አልጋዬ ላይ ትቼው ኖሯል። የደብሩ ቄስ አዘኑልኝ። መጀመሪያ የባቄላ አሹቅ አበሉኝ፤ ቀጥለው በማሕሌት ጊዜ የሚደገፉበትን መቋሚያ አውጥተው «በዚህ ለካ ልጄ» አሉኝ። ሰሜኑን ግድግዳ በመቋሚያ ለካሁ፤ የመቋሚያውን ርዝመት ደግሞ በሲባጎ ይዤ ወረድኩ።

በሳምንቱ ደቡቡን ልለካ ስመለስ ሜትሩን ሆን ብዬ ተውኩት። የሠራ ዘዴ ለምን ይለወጣል? መቋሚያ ጠየቅሁ፣ ሰጡኝ፣ ለካሁ።

ሁለቱንም በዚያው ሲባጎ ልክ አስልቼ ንድፉን ስስለው የደቡቡ ግድግዳ ከሰሜኑ በሁለት ሜትር በለጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ዱላውን ይጠረጥር ነበር፤ እኔ የጠረጠርኩት ጠራቢዎቹን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በሁለት ዘመን፣ በተለያየ እጅ ተፈልፍሏል ብዬ ሃያ ገጽ ጻፍኩ። የዚያን ሰሞን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

መምህሬ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «እውነት ከሆነ ትልቅ ግኝት ነው። ካልሆነ ግን ዘንድሮ አትመረቅም። ሄደን እንየው» አሉኝ።

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀበሉን። መምህሬ በምን እንደለካሁ ሲጠይቁኝ በኩራት ወደ መቋሚያው አመለከትኩ።

«የመጀመሪያ ቀን አዎ፣ በዚህ ነው» አሉ ቄሱ። «በሁለተኛው ቀን ግን የመሪጌታን ነው የሰጠሁህ። የኔን ይዤው ነበር።»

ይህን ሲሉ መሪጌታ ከዕቃ ቤቱ ብቅ አሉ። ቁመታቸው ከቄሱ ትከሻ አያልፍም፤ መቋሚያቸውም የተቆረጠው በራሳቸው ልክ ነው።

መምህሬ የራሳቸውን ሜትር ዘርግተው ሁለቱን ግድግዳዎች ለኩ። እኩል ናቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ልጄ፣ ሁለት ዘመን ያልከው ሁለት ቁመት ነው» አሉኝ ቄሱ፣ እያዘኑ። ሃያውን ገጽ ጥዬ እንደገና ጻፍኩ፤ የተመረቅሁትም ከጓደኞቼ በዓመት ዘግይቼ ነው።

አናጢው ለሦስተኛ ጊዜ ለክቶ ሄደ። ትናንት ቁም ሣጥኑን አመጣው፤ ሥራው ያምራል። በበሩ ግን አልገባም። ለካስ በሩን ማናችንም አልለካነውም። ሰው ከስሕተቱ ይማራል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ የተማርኩት ያንኑ ስሕተት አለመድገም ብቻ ነው። ቁም ሣጥኑ እስካሁን በረንዳ ላይ ቆሟል።