የአብሽር ፊደል

ዋይፋይ ተገናኝቶ ኢንተርኔት አልሰጥ ሲል ኔትወርኩን «እርሳ» ትሉታላችሁ፣ መልሳችሁ ታገናኙታላችሁ። መካነ ሰላም ላይ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ያን ዕለት በእናቴ ስልክ ላይ «እርሳ» የሚለውን ተጫንኩ። ስልኩም ታዛዥ ነው፣ ረሳ። የይለፍ ቃሉን ሲጠይቀኝ ክው አልኩ፤ ቃሉን አላውቀውም።

ራውተሩን ያስገባው ወንድሜ ነው። ወደ ሳዑዲ ዳግም ከመሄዱ በፊት የይለፍ ቃሉን በገዛ እጁ እናታችን ስልክ ላይ ጽፎላት ሄደ። በዋዜማው ማታ ደግሞ በድምፅ መልእክት፣ «እማየ፣ ፖሊሶች ይዘውናል። ነገ ስልክ ይሰበስባሉ ተብሏል። ከአስር ሶላት በፊት በኢሞ እደውላለሁ፣ ድምፅሽን ልስማ» ብሏት ነበር። የሞባይል ዳታ ከተዘጋ ወራት ሆኖታል፤ ያለን በመስመር የገባው ዋይፋይ ብቻ ነው። ሌላ ዋይፋይ ያለው ከተማው ሆቴል ዘንድ ነው፤ እናቴ ደግሞ ጉልበቷ ይዟት ከደጅ አታልፍም። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል፤ ለአስር ሶላት አንድ ሰዓት ያህል ቀርቶታል።

«ምን ሆነብሽ?» አለችኝ።

«ስልኩ ረስቶ ነው።»

«ማንን?»

«ቃሉን ነግሮሽ ነበር?» አልኳት።

«ነግሮኛል እንጂ። ካንች አፍ የማይጠፋው ነው፣ አብሽር ነው ብሎ ስቆብኛል።»

አብሽር። እኛ ዘንድ ያዘነም የታመመም፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ አይዞህ የሚባልበት ቃል። በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩት። ስልኩ «አገናኝ» የሚለውን እንኳ አላበራልኝም፤ ስምንት ፊደል ካልሞላ አይቀበልም። ቁጥር ቀጠልኩበት፤ ስህተት። የተወለደበትን ዓመት ቀጠልኩበት፤ ስህተት። «ሽ» ደግሞ ሳድስ ናት፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «አይ» (i) ትከተላት፣ «ኢ» (e) ትከተላት ወይስ ብቻዋን ትቁም፣ የደነገገ የለም። እያንዳንዱን ሙከራ በሦስት ማባዛት ነው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ አሮጌ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የዋይፋይ ካርዱን አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ የደህንነት ዓይነቱን ቀያየርኩ። እሱም ያንኑ ቃል ጠየቀኝ። በገመድ እንዳላገናኘው ገመዱ ትምህርት ቤት ነው፣ ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ዝግ ነው። ራውተሩን በመርፌ ወግቶ እንደ አዲስ ማስነሳት ይቻላል፤ ግን መስመሩን ዳግም የሚያስገባ ባለሙያ ጁምዓ ከሰዓት ከየት ይመጣል? ይህችን ጣቴን በቆረጣት! አስተማሪ ነኝ እኮ። ማልቀስ ቃጣኝ፣ እናቴ እንዳታየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ራውተሩ ላይ መብራቶቹ አረንጓዴ ናቸው። ኢንተርኔቱ ቤታችን ውስጥ አለ፤ እኔ ነኝ ደጅ የቆምኩት።

እናቴ ከኋላዬ ሆና «አብሽር፣ አብሽር ልጄ» ትላለች፣ ለራሷ ይሁን ለእሱ እንጃ። ያኔ ገባኝ። እናቴ ይህን ቃል አንዴ ብቻ ብላው አታውቅም። ሁለቴ አያይዤ ጻፍኩት፣ «አገናኝ» በራ። በ«አይ» ሞከርኩ፣ ስህተት። ያለ «አይ» ሞከርኩ፣ ስህተት። የአስር አዛን ተሰማ። ለኢድ በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፈላትን የድሮ መልእክት ከፈትኩ፤ «አብሽሪ እማየ» ሲል «ሽ»ን በ«ኢ» ነው የጻፈው። በ«ኢ» ጻፍኩት። ገባ።

ሦስት ያልተነሱ ጥሪዎች መጡ፣ ከእነሱ በኋላ አንድ የድምፅ መልእክት። ከፈትኩት። «እማየ፣ አላነሳሽም። ስልኩን ሊወስዱት ነው። አብሽሪ እሽ፣ አብሽሪ።»

መልሼ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። እናቴ ድምፁን ስትሰማ የደወለ መስሏት ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«አብሽር፣ አብሽር ልጄ! ይኸው አለሁ» አለችው። ጠበቀች። ደግማ አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ምነው ዝም አለኝ? ተቀየመኝ እንዴ?»

«ኔትወርክ ነው» አልኳት።