መርዝ የተባለው ቀለም

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ደምሴ አንድ በርጩማ አምጥተው ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጡልኝና "ቁጭ በልና ንገራቸው" አሉኝ።

ጋሽ ደምሴ ቀድሞ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ንፋስ መውጫ ከተማ ከመናኸሪያው ጀርባ የጭቃ ቤት ተከራይተው ቪዲዮ ቤት ከፍተዋል። ያላቸው አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ የእንጨት አግዳሚዎችና መብራት ሲጠፋ የሚያጓራ ጄኔሬተር ነው። ካሴቶቹ በሙሉ እንግሊዝኛ ናቸው። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ያጣሁ፣ እንግሊዝኛ የሚገባኝ ሰው ነበርኩ። ሥራዬ ተርጓሚነት ሆነ፤ ፊልሙ እየሄደ ድምፄን ከፍ አድርጌ በአማርኛ መናገር።

የመጀመሪያው ፊልም ልብ አንጠልጣይ ነበር። ቃል በቃል ልተረጉም ስል ንግግሩ አመለጠኝ፤ እኔ አንዱን ሳልጨርስ ተዋናዮቹ ሦስተኛውን ይላሉ። ተመልካቹ ማጉረምረም ጀመረ። ጋሽ ደምሴ ዴኩን አቁመው ወደ ውጭ ጠሩኝ። አልተቆጡም።

"ሰዉ የቸገረው ቃሉ አይደለም፤ ማንን መፍራት እንዳለበት ነው" አሉኝ። "እሱን ንገረው። ሌላውን ራሱ ያየዋል።"

ተመልሼ ገባሁና ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበትን ሰውዬ በጣቴ እያሳየሁ "ክፉው ይኸ ነው" አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሙያዬን የተማርኩት በዚያች ቃል ነው። ስንት ዘመን ስሠራባት አንድ ቀን እንደዚህ ታንገበግበኛለች ብዬ አላሰብኩም።

በዚያ ጊዜ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሕጉ ግልጽ ነበር። ክፉው ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ ወይ ጠባሳ አለው፣ ወይ ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ወይ ብቻውን ይስቃል። ቦምቡ ሰዓት ተገጥሞለት ይቆጥራል። ሴትዮዋ ብቻዋን ቤት ስትውል የስልኩ ገመድ ይቆረጣል። መኪናው በጭንቅ ሰዓት አልነሳም ይላል። አክተር፣ ዋናው ጀግና፣ እንደማይሞት ሁሉም ያውቃል፣ ግን ሁሉም ይፈራል። ገበሬው ከአግዳሚው ተነስቶ አክተሩን "ከኋላህ ነው፣ ዙር" ብሎ ይመክረዋል።

አርብ አርብ ቴሌቪዥኑንና ዴኩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አርብ ገበያ እንወርድ ነበር። ገበያተኛው አህያውን አስሮ ይገባል። ሕጉ የተለወጠውም እዚያ፣ ዓይኔ እያየ ነው። አዲስ ያመጣነው ካሴት ውስጥ ገዳዩ እስከ መጨረሻው አይታወቅም፤ ሲታወቅ ቁስለኞችን ሲያክም የነበረው ደጉ ሐኪም ሆኖ ተገኘ። ፊልሙ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ አልወጣም አሉ።

"ሰውየው እኮ ደግ ነበር። መቼ ነው የከፋው?" ብለው ጠየቁኝ።

ካሴቱን ወደ ኋላ መልስልኝ አሉ፤ መለስኩላቸው። ሐኪሙ የሰው ሞት ሲነገረው ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ፈገግ የሚልበት ቦታ ነበረ። ሽማግሌው አዩት። ሁላችንም አላየነውም ነበር። "ተሸወድን" ብለው ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ የእኔም ሥራ ከበደ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ካሴቱን ቀድሜ አይቼ አውቃለሁ፣ ድምፄ ግን እንዳያሳብቅ ለሁሉም እኩል መናገር አለብኝ። ቆይቶ ሰዉም ነቃ። መካነ ኢየሱስ ከተማ አንድ ሰሞን ስናሳይ፣ ገና አንድ ደግ ሰው ለሌላው ውኃ ሲያቀብል አዳራሹ በሙሉ "እሱ ነው" ማለት ጀመረ። ደግነት ራሱ ማስረጃ ሆነ።

ሞባይል ሲመጣ ደግሞ ፊልም ሠሪዎቹ ተቸገሩ። ሴትዮዋ ስልክ በኪሷ እያለ እንዴት ትፈራለች? ስለዚህ መጀመሪያ ስልኩን መግደል ልማድ ሆነ፤ ባትሪው ያልቃል፣ ወይ ኔትወርክ የለም። የእኛ የጋይንት ሰው ኔትወርክ የለም የሚለውን ሲሰማ "ይኸማ ጋይንት ነው የተሠራው" እያለ ይስቅ ነበር።

በዚህ ሁሉ አልተናደድኩም። ማታለል የፊልሙ ሙያ ነው። ጠባሳውም ሐኪሙም ተዋናይ ናቸው፤ ሥራቸውን ጨርሰው ቤታቸው ይገባሉ።

የአማርኛ ፊልሞች ሲበዙ ተርጓሚ የሚፈልግ ጠፋ። ጋሽ ደምሴ አርፈው ልጃቸው ወይዘሮ ስመኝ በቦታው አዳራሽ ሠርታለች። እኔም ፕሮጀክተር የማንቀሳቅስ ባለሙያ ሆንኩ። የእኛ ልብ አንጠልጣዮች መጀመሪያ ጥቁር መነጽሩን እንዳለ ተዋሱት። ቀጥሎ የራሳቸውን ክፉ ፈለጉና ባለጥምጣሙን አገኙ። ጨለማ ጎጆ፣ ወፍራም መጽሐፍ፣ ጥምጣም፣ ከሥር የሚመታ ከበሮ። አንዱ ሠራው፣ ሌላው ቀዳው፣ ሦስተኛው ሕግ አደረገው። በየፊልሙ እያየሁ ጥርሴን እነክስ ነበር። በእኛ አገር ጥምጣም የጠመጠመ ሰው ልጅህን ያጠመቀ፣ አባትህ ሲሞት የፈታ፣ ስትጣላ ያስታረቀህ ሰው ነው።

እንዲህ ሳለን ከአዲስ አበባ የፊልም ቡድን መጣ። ዳይሬክተሩ ናትናኤል የሚባል፣ ትሑት የሚመስል ወጣት ነው። የአገሩ ሰው ሆኜ እንዳስተባብርለት ቀጠረኝ። የቅኔ ጉባኤ ቤት መቅረጽ እፈልጋለሁ አለኝ። ታሪኩ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። አንዲት ጋዜጠኛ የጠፋ ብራና ፍለጋ ትመጣለች፣ የቅኔ መምህሩ መንገዱን ያሳዩአታል አለኝ።

ስማዳ ወረዳ ወስጄ ከመሪጌታ ጥበቡ ጋር አገናኘሁት። መሪጌታ ጥበቡ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ፣ ብራናም በእጃቸው የሚጽፉ ሊቅ ናቸው። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል። ናትናኤል ለእኔ የነገረኝን ታሪክ ለእሳቸውም ደገመላቸው። የኔታ ደስ አላቸው። ጥላሸትና የተቆላ እህል ወቅጠው ጥቁር ቀለም ሲበጠብጡ እጃቸው ተቀረጸ። ጎጇቸው ተቀረጸ። አንድ ቅኔ ይዝረፉልን ሲሏቸው፣ ለሞቱት መምህራቸው የተቀኙትን ጉባኤ ቃና ዓይናቸውን ጨፍነው አሰሙ። ድምፃቸው መጨረሻው ላይ ተንቀጠቀጠ። የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን አውልቆ ዓይኑን ሲጠርግ አይቻለሁ።

ፊልሙ ተሠርቶ ወደ እኛ አዳራሽ መጣ። ከማሳየታችን በፊት ጠዋት ፕሮጀክተሩን ስሞክር ብቻዬን አየሁት።

የየኔታ እጅ ቀለም ይበጠብጣል፤ ቀጥሎ ጥምጣም ያደረገ የማላውቀው ተዋናይ ፊት ይመጣል፤ ቀጥሎ ጋዜጠኛዋ ቀለሙ ከተበጠበጠበት ዋንጫ ጠጥታ ትወድቃለች። ቀለሙ መርዝ ሆኗል። ከበሮው ከሥር ይመታል። ተዋናዩ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ የሚወጣው የየኔታ ድምፅ ነው፤ ያው የመምህራቸው ቅኔ የገዳይ ድግምት ተደርጓል። እጁም፣ ጎጆውም፣ ድምፁም የእሳቸው። ፊቱ ብቻ የሌላ። ስማዳ ላይ ያቺን ጎጆና ያንን ድምፅ የማያውቅ ማን አለ?

ለናትናኤል ደወልኩ። የኔታ ፈቅደዋል አለኝ።

"የፈቀዱት ቀለም ሲበጠብጡ ሊቀረጹ ነው እንጂ መርዝ ሲበጠብጡ አይደለም" አልኩት።

"ጋሽ ይርጋ፣ እርስዎ ሙያውን ያውቁታል። ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚያስፈራ ሰው ይፈልጋል። ተመልካቹ ይህን ለምዷል።"

"ማን አስለመደው?"

ከዚያ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ዘጋው።

ያንኑ ትዕይንት የያዘው የፊልሙ ማስታወቂያ ከፊልሙ ቀድሞ በየሰዉ ስልክ ላይ ደርሶ ነበር። ስማዳ ወርጄ የኔታን ሳገኛቸው አንድ ዲያቆን አሳይቷቸዋል። ገበያ ላይ ጎረምሶች "መርዙ መጣ" እያሉ መንገድ ይለቁላቸዋል። ከላይ ጋይንት አቶ አዱኛ የሚባል ገበሬ መጥቶ ልጁን ከጉባኤ ቤቱ አስወጥቶ ወስዷል። ልጁ እያለቀሰ ነው የሄደው አሉኝ።

እኔ ናትናኤልን መራገም ጀመርኩ። እሳቸው ረጋ ብለው ጠየቁኝ።

"እስኪ ንገረኝ ይርጋ፣ በእናንተ ሙያ የአንዱን ድምፅ ከሌላው አፍ ላይ መለጠፍ ይቻላል?"

"ይቻላል፣ የኔታ።"

"መላጥስ?"

"እሱም ይቻላል።"

"እንግዲያው ድምፄን ይላጡልኝ። እጄን ይውሰዱት፣ ጎጆዬንም ይውሰዱት። ያ ቅኔ ግን የመምህሬ ነው። በሞታቸው ቀን ያለቀስኩበት ነው።"

ይህንን ቃል እንዳለ ለናትናኤል በስልክ ላክሁለት። አልመለሰም።

ንፋስ መውጫ ተመልሼ ፊልሙን አላሳይም አልኩ። ወይዘሮ ስመኝ ተቸገረች። ማስታወቂያው ተለጥፏል፣ ሰዉ ተነግሮታል፤ እኛ ብንተወው በስልኩ ያየዋል፣ ያኔ ደግሞ እውነቱን የሚነግረው የለም አለችኝ። ንግግሯ እውነት ነበረ። ሳስብበት አደርኩና በማግስቱ፣ ማይክሮፎን ስጪኝና አሳያለሁ፣ እተረጉመዋለሁ አልኳት።

"አማርኛ እኮ ነው፣ ጋሽ ይርጋ" አለች።

"መተርጎም ያለበት ይኸኛው ነው" አልኳት። ትንሽ አየችኝና ማይክሮፎኑን ከመሳቢያ አወጣችልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ከስክሪኑ ጎን ቆሜ ጀመርኩ። እጁ ሲመጣ፣ ይህ የመሪጌታ ጥበቡ እጅ ነው፣ የሚበጠብጡት የመጻፊያ ቀለም ነው፣ ሲቀረጽ ነበርኩ፣ አልኩ። ፊቱ ሲመጣ፣ ይህ ተዋናይ ነው፣ ስማዳን ረግጦ አያውቅም አልኩ። ከበሮው ሲመታ፣ ይህን ከበሮ አዲስ አበባ ነው የጨመሩበት፣ እንድትፈሩ ነው አልኩ። ኋላ ያሉ ወጣቶች አፏጩ። አንዱ ፊልሙን አታበላሽብን አለኝ፤ አንዳንዶቹም ተነስተው ወጡ። ድግምት የተባለው ጋ ስደርስ ፊልሙን አቆምኩትና ቅኔው ለማን እንደተቀኘ ተናገርኩ። ያፏጩትም ዝም አሉ።

ሲያልቅ ጋቢ የለበሰ ሰው ወደ እኔ መጣ። አዱኛ ነኝ አለኝ። ልጄን ለማን ሰጥቼ እንደነበር በዓይኔ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት አለ። ያ ድምፅ ለሞቱ መምህራቸው ነው ያልከው እውነት ነው? ብሎ ጠየቀኝ። እውነት ነው፣ ሲያሰሙ ጆሮዬ ሰምቷል አልኩት።

"ሰው እንደዚህ ይሰፋል እንዴ፣ እንደ ጨርቅ?" አለ። በሳምንቱ ልጁን ራሱ ስማዳ ድረስ አድርሶ፣ የየኔታ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ።

ናትናኤል ቆይቶ ፊልሙን በኢንተርኔት ሲለቅ የየኔታን ድምፅ አውጥቶ በሌላ ሰው ማጉተምተም ተክቶታል። ለእኔም ሆነ ለእሳቸው ግን አንድ ቃል አልነገረንም። ይቅርታም አልጠየቀም። እጁ አሁንም አለ፣ ጎጆውም አለ። የድሮው ቅጂም በየስልኩ ይዞራል፤ እሱን የሚሰበስበው የለም። የኔታ ዛሬም ያስተምራሉ፣ እንግዳ ባለበት ግን ቀለም አይበጠብጡም። ይህን ሳስብ ንዴቴ እንደ አዲስ ይነሳል። ጠባሳ ያለበትን ተዋናይ ፍሩ ብዬ ስንቱን አስፈራርቻለሁ፣ ማንም አልተጎዳም። ይህኛው ግን በሕይወት ያለ ሰው ነው፣ ስም አለው፣ ገበያ ይወጣል።

ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ ምን ትመክረናለህ ይሉኛል። የምነግራቸው ይኸው ነው። በአንድ ቀረጻ ውሸት የለም፤ ውሸቱ ያለው ሁለት ቀረጻዎች የሚቀጠሉበት ቦታ ላይ ነው። ለአገሬው ደግሞ የምለው፣ ካሜራ የያዘ ሰው ቤታችሁ ሲመጣ፣ የቀረጸውን ከምን ጋር እንደሚቀጥለው ጠይቁት። መልስ ከሌለው አትቀመጡለት።